00427 እና 427፦ ከቁጥር ፊት ያሉ ዜሮዎችን ስለ መጠበቅ

በሐዋሳ ከተማ ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ ሥርዓት በሠራሁበት ወቅት ከሁሉ በላይ ያደከመኝ የወለድ ስሌቱ ወይም የብድር መክፈያ ሠንጠረዡ ሳይሆን ከቁጥር ፊት የሚቀመጡት ዜሮዎች ነበሩ። በማኅበሩ የቁጠባ ደብተር ሽፋን ላይ የአባልነት ቁጥር ምንጊዜም በአምስት አሃዝ ይጻፋል፤ አርባ ሁለተኛው አባል 00042፣ አራት መቶ ሃያ ሰባተኛው 00427፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባኛው ደግሞ 04270 ነው። እኔ የተረከብኩት የኤክሴል ፋይል ግን 42፣ 427 እና 4270 ይል ነበር። የጠፉትን ዜሮዎች በአንድ መስመር ኮድ መመለስ ቀላል ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ደግመው እንዳይጠፉ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ሲሆን፣ እኔ ያየኋቸው የፕሮግራም መማሪያዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን አስተምረው ሁለተኛውን ሳይነኩ ያልፋሉ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለሚገጥማቸው ወጣት ፕሮግራመሮች ስለሆነ ኮዱን ከማሳየት ይልቅ ዜሮው የት የት ላይ እንደሚሰወር በመናገሩ ላይ አተኩራለሁ።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያስረዱኝ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ከቀድሞው ፋይል የታተመውን ዝርዝርና የአንዲት አባል ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ደብተሩ 00427 ይላል፣ ወረቀቱ 427 ይላል። ኦዲተር መጥቶ እነዚህ አንድ ሰው ናቸው ወይ ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ቁጥሩ እኮ አንድ ነው፤ ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም» ስላቸው፣ «ዋጋ ከሌለው ታዲያ ደብተሩ ላይ ለምን ይታተማል?» ካሉ በኋላ እስክሪብቶ አንሥተው በወረቀቱ ላይ ከ427 ፊት 1 ጨመሩበት። 427 በአንድ ጭረት 1427 ሆነ፤ ቦታው በሙሉ በተያዘበት 00427 ላይ ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። በእጅ በሚጻፍ ደረሰኝ ላይ ዜሮው ጥበቃ ነው።

ለኮምፒውተር ግን 00427 እና 427 እንደ ቁጥር አንድ ናቸው፤ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የሚቀመጠው መጠኑ ስለሆነ ከፊቱ ስንት ዜሮ እንደነበረ የሚያዝበት ቦታ የለም። እንደ ጽሑፍ፣ ማለትም እንደ ስትሪንግ ሲታዩ ግን አንዱ አምስት፣ ሌላው ሦስት ምልክት ያላቸው ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ማንኛውንም ኮድ ከመጻፌ በፊት ስለ እያንዳንዱ የሠንጠረዥ ዓምድ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ነገር ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ሥራ ይሠራል ወይ? የቁጠባ ቀሪ ሒሳብ ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ ወለድ ይታሰብበታል፤ ስለዚህ ቁጥር ነው። የሁለት አባላትን መለያ ደምሮ አንዳች ነገር የሚያገኝ ሰው ግን የለም፤ የአባልነት መለያ በአሃዞች የተጻፈ ስም ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የተማሪ መለያ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሁሉም ስሞች ናቸው። አሥር አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ በዜሮ ስለሚጀምር፣ እንደ ቁጥር አድርጎ የሚመዘግብ ሥርዓት ገና በመጀመሪያው ቀን ያበላሸዋል።

ቁጥር ለሆነ ነገር ዜሮ መሙላት የማሳያ ሥራ ብቻ ነው፤ ለዚህም ሁሉም ቋንቋ መንገድ አለው። በፓይተን እኔ አዘውትሬ የምጠቀመው ኤፍ-ስትሪንግን ነው፦ በከርሊ ብራኬት ውስጥ የተለዋዋጩን ስም ጽፎ ኮለን፣ ከዚያ 05፣ በመጨረሻም ዲ የሚለውን የላቲን ፊደል ማስከተል ይበቃል። ዜሮው በምን እንደሚሞላ፣ አምስቱ ጠቅላላ ስፋቱን፣ ዲ ደግሞ እሴቱ ሙሉ ቁጥር መሆኑን ይናገራሉ። በኮለን ፋንታ የፐርሰንት ምልክት የሚያስቀድመው የቆየው አጻጻፍ ከሲ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ፕሪንትኤፍ ወይም ፎርማት በሚባሉት ፈንክሽኖች በኩል በጃቫ፣ በፒ.ኤች.ፒ፣ ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ እና በሊኑክስ የትእዛዝ መስጫ በባሽም ያው ራሱ ይሠራል። አንዴ የለመደው ሰው በየሄደበት ያገኘዋል። በሲ ሻርፕ ዲ ከፊት መጥታ 5 ትከተላታለች። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ጽሑፍን ከፊት የሚሞላውን ፓድስታርት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የቋንቋው ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰዉ ዜሮዎችን ከፊት ለጥፎ የመጨረሻዎቹን አምስት ምልክቶች ቆርጦ ይወስድ ነበር፤ ይህ ዘዴ ዛሬም በአሮጌ ኮድ ውስጥ ሞልቶ ይገኛል።

በፓይተኑ አጻጻፍ ውስጥ ያለችው ዲ ብትቀርም ለቁጥር ውጤቱ ያው ስለሆነ ብዙዎች ይተዋታል። እኔ ግን የማልተዋት ስለምታኮርፍ ነው። እሴቱ ቁጥር ሳይሆን «427» የሚል ጽሑፍ ሆኖ ከመጣ፣ ዲ ያለችበት መስመር ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ዲ የሌለችበት ግን ከፓይተን 3.10 ወዲህ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 42700 ብሎ ይመልሳል፤ ምክንያቱም ጽሑፍ በነባሪው ወደ ግራ ስለሚጠጋ ዜሮዎቹ የሚሞሉት በስተቀኝ ነው። የፒ.ኤች.ፒው ስትር ፓድም እንዲሁ ነው፤ በየት በኩል እንደሚሞላ የሚነግረውን አራተኛውን መለኪያ (ፓራሜትር) ካልሰጡት በቀኝ በኩል ይሞላል። በተረከብኩት የድሮ ደረሰኝ ማተሚያ ኮድ ውስጥ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር፤ አራተኛው መለኪያ አልተጻፈም። በዚህ ሁኔታ 427 ቁጥር አባል 42700 ይሆናል፣ 4270 ቁጥር አባልም 42700 ይሆናል። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ተቀማጭ በአንድ ቁጥር ደረሰኝ ይወጣል ማለት ነው። ኮዱ የተሞከረው በ5 አሃዝ ቁጥሮች ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ በሙከራ ጊዜ ጨርሶ አይታይም።

አሉታዊ ቁጥር ሌላው መፈተኛ ነው። ለመለያ አሉታዊ ቁጥር አይኖርም፤ የሒሳብ ማስተካከያ መጠን ላይ ግን ይመጣል። የፓይተን ኤፍ-ስትሪንግም ሆነ ዚፊል የሚባለው የስትሪንግ ሜተድ የመቀነስ ምልክቱን ከፊት አስቀምጠው -0042 ይላሉ፤ ምልክቱም ከአምስቱ ስፋት ይቆጠራል። የጃቫስክሪፕቱ ፓድስታርት ግን ምልክት መሆኑን ስለማያውቅ 00-42 ብሎ ያትማል። ሲ ሻርፕ ደግሞ አሃዞቹን ብቻ ቆጥሮ -00042 ይላል። ሦስቱም በየራሳቸው ደንብ ትክክል ናቸው፤ የአንዱን ቋንቋ ውጤት ሌላው በሚያነብበት ሥርዓት ውስጥ ግን አይገናኙም። ስፋቱ ነጥብንም እንደሚቆጥር አስታውሱ፤ 3.5ን በሁለት የአስርዮሽ አሃዝና በስድስት ስፋት ስታሳዩት 003.50 ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስፋቱ ሲሞላስ ምን ይሆናል? የአባላቱ ቁጥር ቶሎ 99999 አይደርስም ብሎ መገመት ያስኬዳል፤ የደረሰኝ ቁጥር ግን በየቀኑ ስለሚቆጠር ጊዜውን ጠብቆ ያልፈዋል። 100427 የሚል የደረሰኝ ቁጥር በአምስት ስፋት እንዲታተም ቢታዘዝ፣ ፓይተን፣ ሲ፣ ጃቫ እና ፓድስታርት ስድስቱንም አሃዝ ሳይነኩ ያወጣሉ፤ ዓምዱ ቢዛነፍም መረጃው ደኅና ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት የሚቆርጠው የጃቫስክሪፕት የድሮ ዘዴ ግን 00427 ብሎ ያትማል፤ ይህ ደግሞ ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው የተሰጠ ደረሰኝ ቁጥር ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ያለው፣ ከግራ የሚሞላው ኤልፓድ ፈንክሽን ከዚህ በተቃራኒ ከኋላ ቆርጦ 10042 ያደርገዋል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ኤልፓድም ያው ነው፤ በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ቱ ቻር ግን ቁጥሩን ትቶ የሃሽ (#) ምልክቶችን ይደረድራል። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው የመጨረሻውን ነው፤ ገንዘብ ያዧም ሆኑ አባሉ በሃሽ የተሞላ ደረሰኝ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ጉዳዩ በዚያኑ ሰዓት ይታወቃል። የተቆረጠ ቁጥር ግን ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል።

ስፋቱ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ጣጣ ቅደም ተከተል ነው። ዜሮ የሚሞላበት አንዱ ዋና ምክንያት ጽሑፍ ሲደረደር የቁጥር ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ ነው፤ ስካን የተደረጉ ደረሰኞች 1፣ 2፣ 10 ተብለው ቢሰየሙ በስም ሲደረደሩ 1፣ 10፣ 2 ሆነው ይሰለፋሉ፤ 001፣ 002፣ 010 ቢባሉ ግን ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህ የሚሠራው ሁሉም እኩል ስፋት እስካላቸው ድረስ ነው። 99999 እና 100000 እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸሩ 100000 ይቀድማል፤ ስለዚህ ለደረሰኝ ገና ከጅምሩ ስምንት አሃዝ መድቤያለሁ። የወረቀቱ ስፋት ይችለዋል፤ ገንዘብ ያዧም ዜሮ ሲበዛ ደስ ይላቸዋል።

ከኤክሴል ጋር ያለው ትግል ግን የማያልቅ ነው፤ በእኛ አገር የቢሮ ሥራ ኤክሴልን ሳይነካ የሚያልፍ መረጃ ስለሌለ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ከሥርዓቱ የሚወጣው የሲ.ኤስ.ቪ ፋይል፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ 00427 የሚለውን በትክክል ይዞ ይወጣል፤ በኖትፓድ ብትከፍቱት ታዩታላችሁ። ያንኑ ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱት ግን ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋልና 427 ብሎ ያሳያል። ሠራተኛው አንዲት የስልክ ቁጥር አስተካክሎ «ሴቭ» ያለ እንደሆነ ዜሮዎቹ በሙሉ ከፋይሉ ጠፍተው ይቀራሉ፤ እሱ የነካው አንድ ሕዋስ፣ የተበላሸው ግን ሙሉ ዓምድ ነው። በሕዋሱ ላይ 00000 የሚል ብጁ ቅርጸት መስጠት ዜሮዎቹን በዓይን ይመልሳቸዋል፤ በሲ.ኤስ.ቪ ሲቀመጥም የሚጻፈው የሚታየው ስለሆነ ለጊዜው ይተርፋሉ፣ ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ግን ቅርጸቱ አብሮ ስለማይቀመጥ ያው ይደገማል። የሚያስተማምነው ፋይሉን ሁለቴ በመጫን ከመክፈት ይልቅ በዳታ ምናሌው በኩል ማስገባትና ዓምዱ «ቴክስት» እንዲሆን መምረጥ ነው። አዳዲሶቹ የኤክሴል እትሞች ዜሮን በራስ ሰር እንዳያጠፉ የሚያደርግ ምርጫ በማስተካከያው ውስጥ አላቸው፤ ሆኖም ይህ ምርጫ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ስለተደረገ ሌላውን አይነካምና በእሱ ላይ አልደገፍም።

ረጃጅም መለያዎች ላይ ኤክሴል ከዜሮውም ያለፈ ጉዳት ያደርሳል። የሚይዘው ትክክለኛነት እስከ 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ወደ 0 ይለወጣል፤ ይህን ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ምንም ዓይነት ቅርጸት የለም።

በዚያው ፋይል ላይ ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የሠንጠረዥ ማንበቢያ ላይብረሪ ስሠራ ያገኘሁት ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት ነው። ፓንዳስ ሲ.ኤስ.ቪ ሲያነብ የዓምዱን ዓይነት ራሱ ይገምታል፤ በዓምዱ ውስጥ ባዶ ሕዋስ ካለ ደግሞ ሙሉ ቁጥሮቹን በሙሉ ወደ አስርዮሽ ይለውጣቸዋል። በዚህ የተነሣ 427 ወደ 427.0 ይለወጣል። ይህን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ በዚፊል አምስት ስፋት እንዲሞላ ማዘዝ ምንም አይለውጥም፤ ነጥቡና የመጨረሻው ዜሮ ተቆጥረው «427.0» ራሱ አምስት ምልክት ነውና። 42 ደግሞ «042.0» ይሆናል። የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ዚፊል ተበላሸ ይላል፤ ዚፊል ግን የተነገረውን ነው የሠራው። መፍትሔው ኋላ ላይ ነጥቡን ማጥፋት ሳይሆን ገና ሲነበብ ለዚያ ዓምድ ዲታይፕ በሚባለው መለኪያ ጽሑፍ መሆኑን መንገር ነው። ጄሶን በሚባለው፣ ሥርዓቶች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጸት በሚላክ መረጃም ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ያለ ትምህርተ ጥቅስ መጻፍ በጄሶን ሰዋስው አይፈቀድም፣ ስለዚህ መለያው በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ።

እስካሁን ያነሣሁት ዜሮ ስለ መጥፋቱ ነው። ዜሮው በመኖሩ ብቻ ቁጥሩ የሚለወጥበት ጊዜም አለ። ሲ ቋንቋና ከእሱ የወረሱ ብዙ ቋንቋዎች በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት መሠረት፣ ማለትም በኦክታል እንደተጻፈ ይቆጥሩታል። ደንቡ ሲ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ ከመሠራቱ በፊት በኬን ቶምፕሰን ቢ ቋንቋ የነበረ ሲሆን፣ ዴኒስ ሪቺ ወደ ሲ ይዞት መጣ። በዘመኑ የነበረው የፒ.ዲ.ፒ-7 ኮምፒውተር ቃል 18 ቢት ስለሆነ ሦስት ሦስት ቢት እየተከፋፈለ በስምንት መሠረት መጻፉ ይመቸው ነበር። ያ ማሽን ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፣ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ በባሽ ውስጥ ይኖራል። በባሽ ፕሪንትኤፍ 00427ን በአምስት ስፋት አትም ብትሉት 00279 ያትምላችኋል፤ አራት ጊዜ ስድሳ አራት፣ ሁለት ጊዜ ስምንት፣ ሲደመር ሰባት፣ 279 ነውና። ቀጣዩን 00428 ብትሰጡት ደግሞ በስምንት መሠረት ውስጥ 8 የሚባል አሃዝ ስለሌለ ስህተት ይላል። ከሁለቱ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ነው።

በማኅበሩ ሰርቨር ላይ ወርኃዊ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ትንሽ የባሽ ስክሪፕት ነበረ፤ ፋይሎቹን በኢትዮጵያ ወራት ቁጥር ይሰይማል፣ መስከረም 01፣ ጥቅምት 02 እያለ እስከ ጳጉሜን 13። የሚቀጥለውን ወር ለማግኘት በያዘው የወር ቁጥር ላይ 1 ይደምራል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ያለ ችግር ሠራ፤ 07 በስምንት መሠረትም ያው ሰባት ነውና። ሚያዝያ፣ ማለትም 08 ሲገባ ቆመ፤ ግንቦትም 09 ስለሆነ አይሠራም ነበር፤ ሰኔ ሲገባ ግን 10 ከፊቱ ዜሮ ስለሌለው ማንም ሳይነካው ይነሣ ነበር። እንዲህ ያለ በወቅት የሚመጣና በወቅት የሚሄድ ችግር ሲታይ ሰዉ መብራት ነው፣ ኔትዎርክ ነው ይላል። መድኃኒቱ ቁጥሩ በአሥር መሠረት መሆኑን ለባሽ መንገር ነው፤ ከተለዋዋጩ ፊት 10 እና የሃሽ ምልክት ማስቀመጥ ይበቃል። ጃቫስክሪፕትም ጥብቅ ባልሆነው አሠራሩ ኮድ ውስጥ የተጻፈን 010 ስምንት አድርጎ ይቀበላል። ፓይተን 3 በዚህ ረገድ እኔን ያስደስተኛል፤ ኮድ ውስጥ 010 ብሎ መጻፍን ከነአካቴው ከልክሎ፣ ኦክታል የፈለገ ሰው ከዜሮው ቀጥሎ ኦ የሚለውን የላቲን ፊደል እንዲያስገባ ያዛል። ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲለውጥ ግን «08» የሚለውን ያለ ምንም ማጉረምረም 8 ያደርገዋል።

የስልክ ቁጥር ላይ ያለው ዜሮ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ስለሆነ ለብቻው አየዋለሁ። በአገር ውስጥ ስንደውል ሞባይል በ09 ወይም በ07፣ የሐዋሳ መደበኛ ስልክ በ046፣ የአዳማው በ022 ይጀምራል፤ ሁሉም አሥር አሃዝ ናቸው። በአገር መለያው በ251 ሲጻፍ ግን የፊቱ ዜሮ ይወድቃል። ይህ ዜሮ ስፋት ለመሙላት የገባ ሳይሆን የአገር ውስጥ መደወያ ምልክት ነው። ኤክሴል የበላቸውን ቁጥሮች በአሥር ስፋት በዜሮ መሙላት ብዙዎቹን በአጋጣሚ ያስተካክላቸዋል፤ ነገር ግን ጸሐፊው አንድ አሃዝ የዘለለበት ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥርም አብሮ ሁለት ዜሮ ተጨምሮለት አሥር አሃዝ ይሆናል፣ ጎዶሎነቱም ከዚያ በኋላ በርዝመት አይለይም። ስለዚህ ስልክን በፍጹም በመሙላት አላስተካክልም። ቦታና ሰረዝ ካወጣሁ በኋላ ዘጠኝ አሃዝ ከሆነና በ9 ወይም በ7 ከጀመረ ዜሮ እጨምርለታለሁ፤ በ0 ጀምሮ አሥር አሃዝ ከሆነ እንዳለ እቀበለዋለሁ፤ በ251 ጀምሮ አሥራ ሁለት አሃዝ ከሆነ 251ዱን አውጥቼ በ0 እተካዋለሁ፤ ከዚህ ውጭ የሆነውን ሰው እንዲያየው ለይቼ አስቀምጠዋለሁ። የሰው ዓይን የሚጠብቀው ዝርዝር ረጅም ሆኖ ሳለ የማኅበሩ ሠራተኞች አባላቱን እየጠሩ አጣርተው ጨርሰውታል፤ በዜሮ ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠራቸውም ነበር።

በመካከሉ አንድ አባል የደብተሩ ቁጥር በግእዝ አሃዝ ቢታተም ምን ነበረበት ብለው ጠይቀው ነበር። ሐሳቡ ደስ ቢያሰኝም የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ እና እልፍ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ባዶ ቦታ የሚይዝ ምልክት አያስፈልጋቸውም፣ ስለዚህ ስፋትን በዜሮ መሙላት የሚባል ነገር በዚያ አጻጻፍ ውስጥ ቦታ የለውም። ፓይተን ለዚፊል ፭ን በሦስት ስፋት ስትሰጡት ያለ ኀፍረት 00፭ ይላል። ኢዝዲጂት የሚባለው ሜተድ ፭ አሃዝ ነው ብሎ እያረጋገጠ ፓይተን ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን አሻፈረኝ ስለሚል፣ ግብዓት የምትፈትሹት ከ0 እስከ 9 ያሉትን ብቻ በግልጽ ዘርዝራችሁ ይሁን።

በመጨረሻ የዘረጋሁት አሠራር ይህ ነው። የአባልነት መለያ በዳታቤዙ ውስጥ አምስት ምልክት ያለው የጽሑፍ ዓምድ ሲሆን፣ አምስት አሃዝ ያልሆነን ነገር ሁሉ ዳታቤዙ ራሱ ይመልሳል፤ እንዳይደገምም ተከልክሏል። ማይኤስኪውኤል ዜሮፊል የሚል የዓምድ ባሕርይ ቢኖረውም ከእትም 8.0.17 ጀምሮ እንዲቀር የተባለ ስለሆነ አልተጠቀምኩበትም። አዲስ አባል ሲመዘገብ ቀጣዩ ቁጥር ከሙሉ ቁጥር ቆጣሪ ይመጣል፤ በዲ ወደ አምስት አሃዝ ጽሑፍ የሚለወጠው በዚያች ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ኮድ ወደ ቁጥር አይመልሰውም። ቅጹ ላይ ያለው መቀበያ ሳጥንም የጽሑፍ ዓይነት ሆኖ በስልክ ሲከፈት የአሃዝ ሰሌዳ እንዲመጣ ብቻ ተደርጓል። መለያን መሙላት የፈቀድኩት በአንድ ቦታ ነው፤ በፍለጋ ሳጥኑ። ገንዘብ ያዧ በሥራ ጥድፊያ 427 ብለው ስለሚጽፉ፣ ሥርዓቱ ራሱ 00427 አድርጎ ይፈልጋል፣ ያገኘውንም አባል ከነስሙ ያሳያቸዋል። እዚያ ቢሳሳት ስሙ ስለሚታይ ይታወቃል።

ለሙከራ የምጠቀምባቸው እሴቶች 0፣ 7፣ 8፣ 42፣ 427፣ 4270፣ 99999፣ 100000፣ -1 እና ባዶ ናቸው። 7 እና 8 የገቡት ለኦክታሉ፣ 427 እና 4270 የገቡት በቀኝ መሙላትን ለማጋለጥ፣ 100000 ደግሞ ሲቆረጥ ለማየት ነው። ከእነዚህ በላይ የጠቀመኝ ግን የዙር ሙከራው ነው፦ ከሥርዓቱ ሲ.ኤስ.ቪ አውጥቶ፣ በኤክሴል ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ከፍቶ፣ «ሴቭ» ብሎ፣ ያንኑ ፋይል መልሶ ማስገባት። ሥርዓቱ እንዲህ ያለውን ፋይል አይቀበልም፤ በየትኛው መስመር የትኛው መለያ አምስት አሃዝ እንዳልሆነ በአማርኛ ጽፎ ይመልሰዋል፣ ዜሮውን ግን በራሱ አይጨምርም፤ ፋይሉ በኤክሴል ካለፈ ከመለያው ሌላ ምን እንደተለወጠ ለማየት አባላቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ያስፈልጋልና።